ያልተዘረጉ እጆች

ባቡሩ ከቀረ በዚህች መንደር ማን ሊቀር ነው? አሮጊቷ መደባቸው ላይ ሆነው ይህን ሲያብሰለስሉ፣ የልጅ ልጃቸው ሰሚሃ ሻንጣዋን አስቀምጣ ፊታቸው ተንበረከከች። ከሐይቅ ከተማ በታች ሐዲዱ ሲዘረጋ የተከፈቱት ሻይ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘግተው ነበር፤ የሷም ትናንት ተዘጋ።

«እማማ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ። በባቲ በኩል ጅቡቲ ልሻገር ነው።»

አሮጊቷ እጆቻቸውን ኩታቸው ውስጥ ደበቁ። ከዚህ ቤት ሳይመረቅ መንገድ የወጣ ሰው አልነበረምና፣ እጃቸውን ካልዘረጉ ልጅቷ የምትቀር መሰላቸው።

«በዚያ በረሃ፣ በእግርሽ? ወላሂ አልመርቅም! ነገ ባቡሩ ቢመጣ ማን ሻይ ሊያፈላ ነው?»

«ሐዲዱ ላይ የሚያልፈው ፍየል ብቻ ነው፣ እማማ። ፍየል ደግሞ ሻይ አይጠጣም።»

ሰሚሃ መዳፎቿን ከፍታ ጠበቀች። አሮጊቷ እጆቻቸውን አላወጡም። ልጅቷም ዱዓው እንደተደረገላት ሁሉ መዳፎቿን ፊቷ ላይ አሳልፋ ጉልበታቸውን ሳመችና ሻንጣዋን አነሳች። አሮጊቷ ያን ጊዜ ክው አሉ። ለካ ያን ሁሉ በረሃ ያለ ምርቃት ሊሰዷት ነው! እጆቻቸውን ከኩታው ለማውጣት ሲታገሉ፣ ሰሚሃ ደጃፉን አልፋ ሄደች።