ምርቃት ላይ የተገኘው ቀይ ቦርሳ

«ማንም ሰው ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ልጁ በሩ ላይ ተገትሯል... ፊቱ አመድ መስሏል...

የዕቃ ማስቀመጫ ሎከሩን በገዛ ቁልፉ ነው የከፈተው። ውስጡ ያለው ግን የእሱ ቀይ ቦርሳ አይደለም። የሌላ ሰው ሙሉ ልብስና የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነው።

ፓስፖርቱ... ካሜራው... ነገ የሚሳፈርበት ትኬት... ሁሉም ቀዩ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እሱ ከጠፋ ጉዞው እዚሁ አበቃ ማለት ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ...

ልጁ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ፣ ርካሽ አልጋ እያሳደደ አገር ለአገር የሚዞር መንገደኛ ነው። ከዚህ በፊት በነበረበት ከተማ ጠራራ ፀሐይ ላይ ስልኩን መንትፈውታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

አሁን የመጣባት ይቺ ዋና ከተማ ደግሞ ጉደኛ ናት... ሰዉ አይቸኩልም። መንገድ ስትጠይቀው ሥራውን ትቶ እስከ በሩ ይሸኝሃል። አውቶቡስ ውስጥ የማያውቅህ ሰው ጠጋ ብሎ «ና፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ» ይልሃል።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን «ምን ፈልገው ነው እንዲህ የሚሆኑት?» እያለ ነፍሱን አስጨነቃት።

ያረፈው ተደራራቢ አልጋዎች በተደረደሩበት የጋራ ክፍል ነው። ጎን ለጎን ከተደረደሩት ሎከሮች አንዱን ቤቱ ይሰጥሃል፣ ጓጉንቸሩን አንተ ታመጣለህ።

ልጁ ጓጉንቸሩን ይቆልፋል... ይጎትተዋል... አልጋው ላይ ይወጣል... ተመልሶ ወርዶ ደግሞ ይጎትተዋል። የክፍሉ ሰዎች «ዘበኛው» ብለው ስም አወጡለት።

ከሁሉም አብልጦ የሚጠረጥረው ከሥሩ የሚተኛውን ሰውዬ ነበር። እጁ የሻከረ፣ ግዙፍ፣ ወሬ የሚወድ አናጺ... ከገጠር የመጣ።

«ነገ ልጄ ትመረቃለች» አለው ሰውየው። «ሙሉ ልብስ አሰፍታልኛለች፣ የሰዎችን ልጆች እያስጠናች ባጠራቀመችው። እናቷ በሕይወት የለችም፣ እኔም ሌላ ዘመድ የለኝ... የሁለት ሰው መግቢያ ተሰጥቶኛል። ለምን አብረኸኝ አትሄድም?»

«አመሰግናለሁ፣ ፕሮግራም አለኝ።»

በልቡ ግን... «ከዕቃዬ ሊያርቀኝ ነው» ነበር ያለው።

በማግስቱ ከተማ አስጎብኚው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ገና ሳይነጋ ተነሳ። ሎከሩን ከፍቶ ጃኬቱን አወጣ... እንቅልፉ ሳይለቀው በዳሰሳ ቆለፈ... ጎተተው... ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ግን ሐሳቡ ሎከሩ ጋ ነው። ሙዚየም ገባ፣ ያየው ነገር የለም። ወንዝ ዳር ተቀመጠ፣ ወዲያው ተነሳ። ምሳውን እንኳን ቆሞ ነው የበላው።

ሲመለስ... ያን ሙሉ ልብስ አገኘ።

«ሰውዬው የት አለ?»

«ጠዋት ቀይ ቦርሳ አንግቶ ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለ አንዱ ከአልጋው ላይ።

ልጁ እየጮኸ እንግዳ ተቀባይዋን ጠራ። «አላልኳችሁም? ፖሊስ ጥሩልኝ።»

ገና የማታ ፈረቃ የገባችው እንግዳ ተቀባይ ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ስልኳን አነሳች...

በሩ ተከፈተ።

ሰውየው ነው። አዝራሮቹ ሊበጠሱ የደረሱ ጠባብ ሸሚዝ ለብሷል... እግሩ ላይ የሻወር ነጠላ ጫማ... ደረቱ ላይ ቀዩ ቦርሳ።

«መጣህ? እፎይ» አለና ቦርሳውን አውልቆ ሰጠው። «ክፈትና እየው።»

ከፈተው... አንድም የጎደለ ነገር የለም።

«ጠዋት የእኔን ሎከር ነው የቆለፍከው» አለ ሰውየው። «እኔ ሎከሬን ሳልቆልፍ ፊቴን ልታጠብ ወጥቼ ነበር። ስመለስ የእኔው ተከርችሟል፣ ያንተው ተበርግዷል። እዚህ ቤት ደግሞ ‹ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም› ብለው ለጥፈዋል። እንዴት ቦርሳህን ጥዬ ልሂድ?»

«ልብስዎ... ለምን ጓጉንቸሩን አላስቆረጡትም... ጋሼ?»

«ጋሼ» ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«የጠዋት ፈረቃው እንግዳ ተቀባይ ልጅ መቁረጫ አምጥቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ተው ያልኩት። ያለ ጓጉንቸርህ እንቅልፍ አይወስድህም። ዛሬ በምን ልትተኛ? ይኸው ልጁ ሸሚዙን አበደረኝና ሄድኩ።»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየው...

ልጅቷ ጋውኗን ለብሳ ከሳቋ ብዛት ቆቧ ተንሸራቷል። አባት በሰው ሸሚዝ፣ በነጠላ ጫማ፣ ቀይ ቦርሳ ታቅፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«መጀመሪያ ተቆጣችኝ» አለ ሰውየው። «ነገሩን ስነግራት ነው የሳቀችው። ላንተ በያዝንልህ ወንበር ላይ ቦርሳህን አስቀመጠችው።»

ልጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። አፈረ... ከዚያ እዚያው ሰው ፊት አለቀሰ።

ያን ማታ ጓጉንቸሩን ከኪሱ አላወጣውም። ጋደም ከማለቱ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

በማግስቱ ትኬቱን ወደ ሌላ ቀን አዛወረ። ሰውየው ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ልጅቷም ጋውኗን ደግማ አጠለቀች፣ ልጁ በካሜራው ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ አነሳቸው።

ልጅቷ ግን አሳጥባ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው ያንን የስልኩን ፎቶ ነው... ባለ ቀይ ቦርሳውን።

ወዳጆቼ... መጠንቀቅ ነውር አይደለም። ተዘርፎ የሚያውቅ ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ግን አንዱ ለበደለን በደል ስንት ምንም ያላደረገንን ሰው ደጁን እንቆልፍበታለን? ያን ጊዜ ደግሞ የራሳችንን በር ክፍት ትተነው እንደሄድን እንኳን አናውቅም።

እስቲ እውነቱን ብቻ...

እናንተ ሰውየውን ብትሆኑ ጓጉንቸሩን ታስቆርጡ ነበር? ወይስ የሚጠረጥራችሁን ሰው ቦርሳ ታቅፋችሁ በነጠላ ጫማ የልጃችሁ ምርቃት ላይ ትቆሙ ነበር?

ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ... እኔ ራሴ መልሱን ገና እያሰብኩበት ነው።