የካርቶኑ ቤተ መጻሕፍት

ሚኒባሱ ከቡራዩ ሲነሳ ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር ሀሴት የመመረቂያ ሞዴሏን የምታስቀምጥበት አጣች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ «አምጪው ልጄ» ብለው ተቀብለዋት ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከካርቶን የሠራችው ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ የአርክቴክቸር ትምህርቷን የምትጨርሰው ያን ቀን ጠዋት መምህራኖቿ ፊት ስታቀርበው ነው።

አሸዋ ሜዳን ሳያልፉ አንድ ነገር ትዝ ብሏት ክው አለች። የሕንፃውን ልክ እንዲያሳዩ ከወረቀት የቆረጠቻቸውን ትንንሽ ሰዎች ጠረጴዛዋ ላይ ረስታቸው ነበር። ሽማግሌው ግን አንገታቸውን ደፍተው አንድ ዓይናቸውን ከሞዴሉ መስኮት አልነቀሉም።

«ምን ይታይዎታል፣ ኦቦ?»

«መደርደሪያ አለ፤ ደረጃ አለ፤ ብርሃንም ይገባል። ምነው ሰው የለም?»

«ሰዎቹን ቤት ረስቻቸው ነው።»

«እስቲ አንቺ በዚያ በኩል እዪ።»

ሀሴት ሞዴሉን ስትሠራ የከረመችው ከላይ ቁልቁል እያየች ነበር። ጎንበስ ብላ በወዲያኛው መስኮት አጮለቀች። ከመደርደሪያዎቹ ማዶ የሽማግሌው ዓይን መስኮቱን ሞልቶ ይመለከታታል፤ ቆየት ብሎም ጠቀሳት።

«አሁን ሰው ገባበት» አሉ።

ሀሴት መምህራኖቿን ከሞዴሉ ወዲህና ወዲያ አቁማ በመስኮቶቹ እንዲተያዩ ልታስጎነብሳቸው ያኔ ወሰነች።