ቡና የተሰጣበት ሜዳ

«በግራ እግርሽ ተነስተሽ በዚያው እግር ማረፍ ትችያለሽ ወይ?»

አሰልጣኙ የጻፈልኝ ይህን ብቻ ነው። መልሱን አላውቀውም። የግራ ጉልበቴ ከተጎዳ አስራ አንድ ወሩ ነው። ሐኪሙ «አሁን መዝለል ትችያለሽ» ካለኝ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ እኔ ግን አልዘለልኩም። ስዘል የሚያሳይ ቪዲዮ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰው የቡድኑን ስም ዝርዝር ያለ እኔ ይዘጋዋል። አሁን አራት ሰዓት ተኩል ነው። መቱ ከተማ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ለስብሰባ ድንኳን ተተክሎበታል። እዚህ ሁሩሙ ያለው ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የእትዬ ሽብሬ ቡና ተሰጥቷል።

«እባክዎ እትዬ፣ ከቀለበቱ ሥር ትንሽ ብቻ ገለል ያድርጉልኝ» እላለሁ።

ባለሱቋ እትዬ ሽብሬ ቀና አይሉም። ረጅም እንጨት ይዘው ቀዩን እሸት ያገላብጣሉ። «ዛሬ ፀሐይ አለ። ነገ ቢደምን አንቺ ታደርቂልኛለሽ? ኳስሽ እንደሆነ አይሻግት።»

የአክስቴ ልጅ ሲፋን ስልኬን ይዛ ከሜዳው ጫፍ ትስቃለች። «ሠላሳ ሦስት ሞላት እኮ፣ እትዬ! ኳሱ ራሱ ደክሞታል።»

«ሠላሳ ሦስት?» አሁን ቀና አሉ። «እኔ በሠላሳ ሦስቴ አራት ወልጄ ነበር። ለመሆኑ ገለኔ፣ ይሄ ነገር አይወጣልሽም?»

አይወጣልኝም። ከአስራ አራት ዓመቴ ጀምሮ የተማርኩት ከዚህ ርቄ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ። በሁለቱም ደመወዝ እየተከፈለኝ ተጫውቻለሁ። ስመለስ ኦሮምኛዬ ተሰባብሯል፤ ገበያ ውስጥ ሰው ሲያናግረኝ ቃል ፍለጋ እቆማለሁ። ቤቴ የት እንደሆነ ብጠየቅ እንኳ አመነታለሁ። ኳሱ ከመሬት ነጥሮ መዳፌን ሲነካ ግን አላመነታም።

«የት ይወጣላታል!» ይላሉ እትዬ ሽብሬ ወደ ሲፋን ዞረው። «መምህር ሰቦቃ ‹ነገ ቅርጫት ኳስ አለ› ቢል፣ ልጁ ሁሉ ባዶ እጁን ሲሄድ የእናቷን የቡና መልቀሚያ ቅርጫት አዝላ የሄደች ልጅ!»

«ዱጋ ነው?» ሲፋን ይህን አልሰማችም ነበር።

እውነት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቅርጫት ይዛችሁ ኑ የተባልን መሰለኝ። መምህር ሰቦቃ አልሳቀም። ትምህርት ቤቱ ቀለበት አልነበረውም፤ የቅርጫቱን ቂጥ በቢላ ቆርጦ ግድግዳ ላይ በሚስማር መታው። የእናቴ ግርፊያ ሳምንት ሙሉ አቃጥሎኛል። የመጀመሪያዋ ኳስ በዚያ ቀዳዳ ስታልፍ ያየሁት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

«መንገድ እከፍትልሻለሁ» ይላሉ እትዬ ሽብሬ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ይህን ሁሉ አንቺ ታገላብጪያለሽ። ደግሞ በጫማ ቡናዬን አትረግጪም።»

ጫማዬን አያለሁ። ጉልበቴን የሚያግዘው ወፍራም ሶሉ ነው፤ በባዶ እግሬ ሲሚንቶ ላይ እንዳልዘል ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል።

«መንገዱ ላይ ቡና አይኖርም እኮ፣ እትዬ።»

«መንገዱ ጠባብ ነው። ስትወርጂ የት እንደምታርፊ በምን ታውቂያለሽ?»

በምንም አላውቅም። ጫማዬን አወልቃለሁ።

አገላብጬ ስጨርስ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። እትዬ ሽብሬ ከሦስት ነጥቡ መስመር እስከ ቀለበቱ ሥር፣ ሁለት ክንድ ስፋት ያለው መንገድ ጠርገውልኛል። ሲፋን ስልኩን ታነሳለች። «ጀመርኩ! ጀባዱ፣ በርቺ!»

ኳሱን ሁለቴ አነጥራለሁ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ እነሳለሁ። አየር ላይ ሆኜ የማስበው ጉልበቴን እንጂ ቀለበቱን አይደለም። ኳሱ ብረቱን መትቶ ይመለሳል። ሲሚንቶው ተረከዜን ይመታኛል፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይይዘኛል። ኳሱ ቡናው መሃል ገብቷል።

«ወይኔ ቡናዬን! ዓይንሽ የት ነው ያለው? ሁለት አገር ተምረሽ ይቺን ቀዳዳ አጣሻት?»

በእግር ጣቶቼ ጫፍ ገብቼ ኳሱን አወጣለሁ። ሲፋን መቅረጿን ልታቆም ስትል እትዬ ሽብሬ እንጨታቸውን ያነሳሉ። «ወዴት? እንደገና! ቡናዬን በትነሽ ሳታገቢማ አትሄጂም!»

እንደገና። ቀኝ፣ ግራ። በዚህኛው ጊዜ ጉልበቴን እረሳዋለሁ። መረብ የለውምና ኳሱ ድምፅ ሳያሰማ በቀለበቱ ያልፋል። በግራ እግሬ አርፌ በዚያው እቆማለሁ፤ ሲፋን «ኧረ በቃሽ!» እስክትል ቀኙን አላወርደውም።

«የሳትሽውን ልቁረጠው?» ትላለች ስልኩን እየሰጠችኝ።

«አትንኪው።»

«የእትዬ ስድብም አለበት እኮ!»

«ይኑርበት። እኔም አለሁበት።»

ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ሁሉንም እልከዋለሁ። ከሥሩ እጽፋለሁ፦ «እችላለሁ። ብትወስዱኝም ባትወስዱኝም ነገ ጠዋት እዚሁ እዘላለሁ።»

ማንበቡን የሚያሳዩት ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ወዲያው ይመጣሉ። መልስ አይመጣም። በማግስቱም አልመጣም፤ ቡናው ታፍሶ ጆንያ ከገባ በኋላም አልመጣም፤ እትዬ ሽብሬ በየጠዋቱ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ወደምዘልበት ሜዳ «ገባ?» እያሉ መጮህ ከጀመሩ በኋላም።