ዘመድ አይስተናገድም

የሌሎቹ ካሸሮች ሰልፍ አጭር ሆኖ ሳለ፣ አጎቷ ሆን ብሎ የእሷን ረጅም ሰልፍ ያዘ። በእጁ አንዲት ሳሙና ይዟል። ለነገር እንጂ ለሳሙና እንዳልመጣ ከአቋቋሙ አወቀች። ሰውየው ጠብ ሲያምረው ትከሻው ነው ቀድሞት የሚደርሰው።

የመደብሩ ሕግ አጭር ነው፤ ካሸር ዘመዱን አያስተናግድም። ዘመድ ከመጣ እጅ አንሥቶ ተቆጣጣሪ መጥራት ነው፣ አለዚያ መባረር። በቀደም አንዷ ካሸር ለገዛ እህቷ የሕፃን ወተት ሂሳብ ሠርታ፣ ከሰዓት ሳይደርስ ዩኒፎርሟን አስረክባ ሄዳለች።

እጇን ልታነሣ ነበር። ግን «አጎቴ ነው» ካለች፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን እንደሚያወርድባት እግዜር ይወቅ። ቶሎ ሸኝቼው ልገላገል ብላ ሳሙናውን በማሽኑ አሳለፈችው። ማሽኑ ጢጥ አለ። ሕጉ ተጣሰ።

«እኔ ከጅምላ ነጋዴ አመጣበት ከነበረው ዋጋ ያንሳል» አለ፣ ሳሙናውን በአገጩ እያሳየ።

የእሱ ሱቅ እዚሁ ፊት ለፊት ነበር። ይህ ትልቅ መደብር በተከፈተ በዓመቱ ሱቁ ተዘጋ። በሱቁ ያሳደጋት የእህቱ ልጅ ግን እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀችም፤ ቀድማ መንገዱን ተሻግራ ተቀጠረች። ይቅር ያላላት ይህን ነው።

አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወርደው ጀመር። ሽንት ቤት ለመሄድ እንደ ተማሪ ታስፈቅዳለች አሉ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ቦርሳዋ እንደ ሌባ ይፈተሻል አሉ። ቀኑን ሙሉ ቆማ እግሯ አብጧል አሉ። እሱ ዘንድ ማን ፈትሿት ያውቃል? ሁሉም እውነት ነው፤ አንጀቷን ያሳረራትም እውነት መሆኑ ነው።

«አንተ ዘንድማ ምኔ ይፈተሻል ጋሼ?» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ በሹክሹክታ። «‘ቤተሰብ ነሽ’ እየተባልኩ ወጣትነቴን በነፃ ጨረስኩ። እህትህ ስትታመም ጸሎት ነው ያዘዝክላት። ዛሬ የኩላሊት እጥበቷን የሚከፍልላት ይሄ ዩኒፎርም ነው።»

በመዳፉ ጠረጴዛውን ደበደበ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ተቆጣጣሪዋ ጫማዋን እያንኳኳች ደረሰች።

«ምንድን ነው? ትተዋወቃላችሁ?»

የካሸሯ እናት ነፍስ በዚህ ቂመኛ ሰው ምላስ ላይ ተንጠለጠለች። ሕጉን ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቃል ይበቃዋል። ዓይኗን ትኩር ብሎ አያት።

«የት አውቃታለሁ?» አለ። «አዘገየችኝ፣ ተናደድኩ።»

ተቆጣጣሪዋ ግን አልጨረሰችም። ዘመድ ላልሆነና ሠራተኛ ላይ ለሚጮህ ሰው ደግሞ መደብሩ ሌላ ሕግ አለው። ጥበቃውን በዓይኗ ጠቀሰችው።

ጥበቃው ጎረምሳ ነው። ሽማግሌውን በብብቱ ሥር ይዞ ወደ በሩ ገፋው። ባርኔጣው ወደቀ፤ ጎንበስ ሊል ሲል ጥበቃው ቀና አደረገው። አጎቷ እንደሆነ ኃይለኛ ሰው ነው፣ በሱቁ ዘመን እንዲህ የሚነካው አልነበረም። ዛሬ ዝም ብሎ ተገፋ።

«ተዉት፣ አጎቴ ነው» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

ተቆጣጣሪዋ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት። «አይዞሽ፣ እንዲህ ያለ እብድ መቼም አይጠፋም» አለቻት።

ካሸሯ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ቀጣይዋ ደንበኛ ዘይቷን አስቀመጠች። ከመስታወቱ በር ውጭ አጎቷ ፀሐይ ላይ በባዶ ራሱ ቆሞ፣ የተጨማደደ ኮቱን በእጁ ያቃናል። ካሸሯ ዘይቱን አነሣችና በታዘዘችው ፈገግታ «እንኳን ደህና መጡ» አለች።