ከማኅተሙ ሥር

ፕሮፌሰሩ ቆፋሪውን አላወቁትም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት "ዕቃ ሰርቋል" ብለው ከዚሁ ቁፋሮ ሲያባርሩት ጢሙ ጥቁር ነበር። ሰረቀ የተባለው ዋሊያ የተቀረጸበት ማኅተም ነው። ራሱ አግኝቶ በእጃቸው አስረከባቸው፤ ማኅተሙ ግን ፎቶ ሳይነሳ፣ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ጠፋ። ከሁለቱ በቀር ያየው አልነበረም። የሌባ ስም ግን እስከ ልጆቹ ትምህርት ቤት ድረስ ተከተለው።

የወጋ ረስቷል። ዘንድሮ ተማሪዎቻቸውን ይዘው መጡና "የሰው እጅ ያልነካው መሬት ምረጥና ችካል ምታልን" አሉት።

"እሺ፣ ፕሮፌሰር" አለና አራቱንም ችካል ጥርሱን ነክሶ መታ።

በስምንተኛው ቀን ቁፋሮው የጥንቱ ቤት ወለል ላይ ሲደርስ ፕሮፌሰሩ ከጃንጥላቸው ሥር ተነሥተው ብቻቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። ጥቂት ቆይተው ተማሪዎቹን ጠሩ። ዋሊያ የተቀረጸበት ማኅተም ግማሹ ከአፈሩ ብቅ ብሏል።

"ሁለት ሺህ ዓመት ማንም አልነካውም" አሉ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

"በሉ ፎቶ አንሱት፣ መዝግቡት" አለ ቆፋሪው። "ከዚያ ሥሩን ልጥረግ።"

ማኅተሙ ሲነሳ አፈሩን በብሩሽ ጠረገው። ባለ አንድ ብር ሳንቲም ወጣ።

"ሳንቲም እዚህ ምን ይሠራል?" አለች አንዷ ተማሪ።

"ጉድጓድ ስትዘጋ ወለሉ ላይ ሳንቲም ጣል፣ ኋላ የሚመጣው ሰው የት ድረስ እንደተቆፈረ ይወቅ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" አላት። "ይቺን የጣልኳት በተባረርኩ ዕለት ነው።"