ለአብነት እጅ የሚሆን ሰዓት

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አብነት ሽማግሌ ሊልክ መዘጋጀቱን ሲነግራት ሀይሚ አንድ ነገር ሹክ አለችው።

«ሳታውቅ ሊያዩህ ነው። የትና መቼ እንደሆነ ላልናገር ምያለሁ። ብቻ እኛ ቤት የመጨረሻው ቃል የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ካልወደደህ ሽማግሌዎችህ ጎሮ ድረስ ጭቃ የሚረግጡት በከንቱ ነው።»

«አባትሽን ለኔ ተይልኝ» አለ አብነት ደረቱን ነፍቶ።

ሀይሚ እንደ ልማዷ የእጁን አንጓ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ልትከብ ሞከረች። ጣቶቿ እንደ ሁልጊዜው አልገናኝ አሉ።

አብነት አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ክፍል ነው የሚሠራው። የቢሮ ወንበር ከማግኘቱ በፊት ብዙ ዘመን ሣጥን ስለተሸከመ እጁ ደንደን ያለ፣ አንጓው የሌላውን ሰው ቁርጭምጭሚት የሚያህል ነበር። ሀይሚን ይወዳታል፤ ይህን ማንም አይክድበትም። እሷን ቢያጣ ሰው እንደማይሆን ለጓደኞቹ ሁሉ ተናግሯል። ስለዚህ ስለ አባቷ ያልጠየቃት ነገር አልነበረም። አቶ ገብረዋሕድ ጡረተኛ ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ቀጠሮ ያከብራሉ። ከዚህ በላይ ምን ማወቅ ያስፈልገዋል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቦሌ እስከ ሃያ ሁለት አብነት እጅ ያልነሳቸው ቀጭን ሽማግሌ አልቀረም። አንድ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የቆመችውን ነፍሰ ጡር በክንዱ ገፋ አድርጎ፣ መቀመጫውን በሩ ጋ ለቆሙ አዛውንት ለቀቀ። አዛውንቱ «ወራጅ ነኝ እኮ» ቢሉም በግድ አስቀመጣቸው።

ቀጠሮ ለሚያከብር አማት ደግሞ ሰዓት የሌለው እጅ ይዞ አይቀረብም። ሀይሚም ሰዓት ሊገዛ መሆኑን ስትሰማ፣ «መግዛትህ ካልቀረ ሃያ ሁለት ሆቴሉ ሥር ካለችው የሰዓት ሱቅ ግዛ፤ ሌላ ቦታ እንዳትሄድ» አለችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እያባረረው ገባ።

ሱቋ ጠባብ ናት። ከመስታወቱ ጀርባ ሹራብ የደረበች ጠና ያለች ሴትዮ ቆማለች። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ደግሞ ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ተቀምጠው የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። አብነት የሀይሚ አባት መሆናቸውን አልተጠራጠረም።

«ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ዝናብ! እኚህ ሰውዬ እንዴት ያሉ ብልጥ ናቸው፣ አለ አብነት በሆዱ። ከወገቡ ታጥፎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

«ለሥራ ነው ለደስታ፣ ልጄ?» አለች ሴትዮዋ።

«ለደስታ» አለ፣ ፊቱን ከሽማግሌው ሳያዞር።

«እስቲ እጅህን።» እጁን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። አንጓውንም በሁለት ጣቶቿ ልትከብ ሞክራ አልሆን ሲላት ፈገግ አለች። ከዚያ የብረት ማሰሪያ ያለው፣ ፊቱ ሰፋ ያለ ሲኮ ሰዓት አወጣች። «ያንተ እጅ ደልደል ያለ ሰዓት ነው የሚፈልገው። ፊቱ ከአንጓህ ጠርዝ አይለፍ፤ መሐል ላይም ገብቶ አይጥፋ። ያው ልክህ።»

አጠለቀው። እውነት ለመናገር አምሮበት ነበር። ዓይኑ ግን ሽማግሌው እጅ ላይ አረፈ። በዚያ ቀጭን እጅ ላይ ሳንቲም የምታህል፣ የቆዳ ማሰሪያ ያላት ሰዓት ታስራለች።

«እርስዎ ምን ይላሉ፣ አባቴ?»

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው ደንገጥ ብለው። «እኔማ ትንሽ ሰዓት ነው የምወደው። አይከብድም።»

አብነት ሲኮውን አውልቆ መስታወቱ ላይ አስቀመጠው። «ሰማሽ አይደል? እንደሳቸው ያለ አምጪ።»

«ልጄ፣ ያ ለሳቸው እጅ ነው። አንተን ይጠብሃል፤ ደምህን ያቆመዋል።»

«አንቺ ደግሞ! ወንዶች ሲነጋገሩ ምን ጥልቅ ያደርግሻል? ዝም ብለሽ ሽጪ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አብነት ይህን እንደ አድናቆት ቆጠረው። ቆራጥ ወንድ የማይወድ አማት የት አለ?

«እንዳሉ፣ ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ። ልጄ ማለቷን ተወችው።

ማሰሪያው መጨረሻው ቀዳዳ ላይ በስንት መከራ ገባ። ትንሿ ሰዓት እዚያ እጅ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ መሰለች። ዝናቡ ሲያባራ አብነት ሽማግሌውን ደግፎ መንገድ አሻገራቸው። «ተባረክ» አሉት። ነገሩ ያኔውኑ ያለቀ መስሎት ቤቱ እስኪደርስ እያፏጨ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ሀይሚ «እሁድ ቤት ይምጣ ብለዋል» አለችው። ይህን ስትል ዓይኑን አላየችውም። አብነት ግን እጇን እንኳ ሳይነካ ለጓደኞቹ ሊያበስር ሮጠ።

እሁድ አዲስ ሱፉን ለብሶ ጎሮ ወረደ። እጁ አብጧል፣ ጣቶቹ ደንዝዘዋል። ሰዓቷን ግን ለአፍታም አላወለቀም፤ ሰውዬው የወደዷት እሷን ነው። በሩን አንኳኳና፣ አቶ ገብረዋሕድ ሲከፍቱ ጎንበስ ብሎ እንዲያገኙት ብሎ ቀድሞ ታጠፈ። በሩ ሲከፈት ዝቅ ያለ ዓይኑ ያየው የሴት ጫማ ነበር።

«ይግቡ፣ ጌታዬ» አሉ ያንኑ የሱቁን ሹራብ የደረቡት የሀይሚ እናት፣ ያበጠ እጁን እያዩ፤ «ጠበበዎት አይደል?»