ስም የሚጠይቀው መልመጃ

የሒሳብ መምህሩ ዘላለም፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ለመምህራን በተሰጠው የፓይተን ኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና ትንንሾቹን መልመጃዎች ይንቅ ነበር፤ በርትተው የሚሠሯቸውን መምህራንም ጭምር። የዛሬው መልመጃ ስም ጠይቆ ሰላም የሚል ፕሮግራም መጻፍ ነው።

«የሕፃን ሥራ» አለ፣ ለዓመታት አብራው ላስተማረችው ለማንአለሽ።

ኮዱን ጻፈና ሞከረው። ስሙን ሲጠይቀው «ዘላለም» ብሎ መለሰ።

«ሰላም፣ አላምረው» የሚል ወጣ።

ኮዱን መረመረው፤ ስሕተት የለበትም። ደግሞ ሞከረ። አሁንም «ሰላም፣ አላምረው»።

«ይህን እንኳ የማይችል ኮተት ኮምፒውተር ሰጡን። እስኪ እይው።»

ማንአለሽ ጎንበስ ብላ አየች።

«ምን ጎደለው? በስምህ ጠርቶሃል እኮ።»

«ዘላለም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ፈገግ ትላለች ብሎ ጠበቃት። እሷ ግን ግራ ተጋብታ አየችው።

«አላምረው» አለችው ቀስ ብላ፤ «ዘላለም ማነው?»